የነሐሱ ሥዕልና የቸኮል ቤት

አሽዶድ፣ ሮቫ ዳሌት
ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአጎቴ ልጅ ለአትክልት ልጅ፣ ለየሺመቤት፤

የእስራኤል አምላክ ባለሽበት ይጠብቅሽ፤ እናትሽንም ዕድሜ ጨምሮ ያኑርልኝ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደኅና ነኝ። በዓላቱንም በሰላም አሳልፈናል።

የምጽፍልሽ ለአንድ ጉዳይ ነው። ኦዴያ፣ የልጄ የሲምሃ ልጅ፣ ኡኒቨርሲታ ገብታ የምትማረው የጃፓንን ታሪክ ነው። ሌላ ታሪክ ጠፍቶ! ዘንድሮ ትልቅ አቮዳ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ማለት ነው፣ ታቀርባለች፤ በሰፈራችን አዳራሽም ለሽማግሌዎቹ ልታነብልን ቃል ገብታለች። እኔ ዕብራይስጡን ገበያ ላይ እችለዋለሁ እንጂ መጽሐፍ ላይ አልችለውም። እሷ ደግሞ አማርኛዋ ከ«ብላ» እና «ጠጣ» አያልፍም። ሾጉን፣ ሾጉን ትላለች። የሰው ስም ነው ወይስ የሹመት? አንቺ ሃያ አምስት ዓመት ታሪክ አስተምረሻል፤ በጥሩ አማርኛ ጽፈሽ ላኪልኝ፣ ፊቷ ላይ እንደ ደንቆሮ እንዳልቀመጥ። በወረቀት ይሁን። የስልኩን ጽሑፍ ዓይኔ አይለየውም፤ ወዲህ የሚመጣ ሰው ደግሞ አይጠፋም።

ማታን የሚባል የጨዋ ልጅ አጭቷታል። ሠርጉ ከሚመጣው ዓመት በዓላት በኋላ ነው።

በስልክ ያነሣሽብኝን የምስክርነት ነገር አልረሳሁትም። ሚስራዱ፣ ቢሮው ማለቴ ነው፣ ሩቅ ነው፤ ወረፋውም ረጅም ነው። እናያለን።

ውበቱ


ጎንደር
ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ውበቱ፤

እንደምን ከረሙ? ጉልበትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎት። እናቴ ደብዳቤዎን ሁለት ጊዜ አስነበበችኝና «ውበቱ አሁንም ሲጽፍ ያዛል» ብላ ሳቀች።

ሾጉን ሹመት ነው። ይህን ለጎንደር ሰው ለማስረዳት ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በዘመነ መሳፍንት ንጉሡ ዘውድ ደፍቶ በግንቡ ውስጥ ይቀመጥ ነበር፤ አገሩን የሚገዙት ግን ጦር ያላቸው ራሶች ነበሩ። የጃፓንም ንጉሠ ነገሥት ኪዮቶ በምትባል ከተማ ተቀምጦ ይጸልይ ነበር፤ የሚያዝዘው የጦሩ አለቃ፣ ሾጉኑ ነው። በፈረንጆች 1600 ዓ.ም. የቶኩጋዋ ቤት ሴኪጋሃራ በተባለ ቦታ ተዋግቶ ባላንጣዎቹን አሸነፈ። ከዚያ ኢዶን መቀመጫው አድርጎ ሁለት መቶ ስድሳ ዓመት ያህል ገዛ። ኢዶ የዛሬዋ ቶኪዮ ናት።

ያን ያህል ዘመን እንዴት ገዙ ካሉ፣ በመያዣ ነው። እያንዳንዱ ባላባት አንዱን ዓመት በአገሩ፣ አንዱን ዓመት በኢዶ እንዲኖር ታዘዘ። ወደ አገሩ ሲመለስ ሚስቱና ልጆቹ ኢዶ ይቀራሉ። በየመንገዱ ኬላ ቆሞ ነበር፤ ዘበኞቹም ከሁሉ አብልጠው የሚፈትሹት ሁለት ነገር ነው፤ ወደ ኢዶ የሚገባ ጠመንጃና ከኢዶ የምትወጣ ሴት።

ተማሪዎቼ እዚህ ላይ ሲደርሱ ይስቃሉ። እኔ አልስቅም። እናቴ ከገጠር ወጥታ፣ ጎንደር በኪራይ ቤት ተቀምጣ፣ ወደ እስራኤል የሚያሳልፋት ኬላ እስኪከፈትላት መጠበቅ ከጀመረች ይኸው ሃያ ስድስት ዓመት ሆናት። አሁን ሰማንያ ዓመት ሞላት። የአጎትዎ የቸኮል ልጅ መሆኗን በዓይናቸው ያዩ ሰዎች አንድ በአንድ አልቀዋል፤ የቀሩት አንቱ ብቻ ነዎት። የምንለምነው ሁለት መስመር ቃል ነው። «አትክልት የቸኮል ልጅ ናት፤ ቸኮል ከቤተ እስራኤል ተወለደ» ይበሉልን።

ይጻፉልኝ።

የሺመቤት


አሽዶድ
ጥር 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየሺመቤት፤

ሰላምታዬ ለሁላችሁም ይድረስ። ደብዳቤሽን ከቤታችን በታች ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ለይስራኤል አነበብሁለት። ይስራኤል መጋዘን አብሮኝ የሠራ ሰው ነው። «እነዚህማ ጎንደሬዎች ናቸው!» አለ። በሰሜኑ የኢንዱስትሪ ቀጠና ከሃያ ዓመት በላይ የጃፓን ሣጥን ሳወርድ ኖሬ፣ ስለ ጃፓን ያወቅሁት ገና አሁን ነው። ጽሕፈትሽ መልካም ነው። እግዚአብሔር ይስጥሽ።

አሁን ወደ ጉዳይሽ ልምጣ፣ በቅን እንድትሰሚኝ። ቸኮል አጎቴ ነው። ለአንቺ አልክድም። ግን ቸኮል በ1944 ዓ.ም. ለሚያርሰው መሬት ብሎ ተጠመቀ። ባለርስቱ «ማተብ የሌለው አያርስም» አለው፤ እሱም ማተቡን አሰረ። ሌሎቹም ያው ተነግሯቸው ነበር። እነሱ ግን ብረት እየቀጠቀጡ፣ ሸክላ እየሠሩ፣ እየተሰደቡ ሃይማኖታቸውን ይዘው ቆዩ። ልጆቻቸው በረሃብና በመንገድ አለቁ። እናንተ ያን ጊዜ የት ነበራችሁ? እርሻችሁ ላይ። ዛሬ አውሮፕላን ሲመጣ «እኛም ነን» ትላላችሁ። ስሜን ከዚያ ማተብ ጋር አላስርም። እምቢ ማለቴ ነው፤ ሌላ ትርጉም አትፈልጊለት።

የእናትሽን ጤንነት ግን አክብሬ እጠይቃለሁ።

ደግሞ አንድ ነገር። የኦዴያ ጽሑፍ ስለ አንድ የነሐስ ሥዕል ነው። በሾጉኖቹ ዘመን ሰው ሁሉ እየመጣ ሥዕሉን በእግሩ ይረግጥ ነበር አለችኝ። ለምን ብዬ ጠየቅኋት፤ በዕብራይስጥ ሩብ ሰዓት አወራችልኝ። ምንም አልያዝሁም። ይህን ጻፊልኝ።

ውበቱ


ጎንደር
የካቲት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለጋሼ ውበቱ፤

ጤና ይስጥልኝ። ለእናቴ መልስዎን አላነበብሁላትም፤ «ጉልበቱን አሞታል» አልኋት።

የጠየቁኝን እጽፋለሁ፤ ሥራዬ ነውና። ሾጉኖቹ ክርስትናን በአዋጅ ከለከሉ። ካህናቱን አባረሩ፣ የቀሩትን ሰቀሉ። ሕዝቡ ግን በልቡ ምን እንደያዘ በምን ይታወቃል? ስለዚህ የክርስቶስን ወይም የማርያምን ሥዕል በነሐስ አስቀርጸው፣ በየዓመቱ አዲስ ዓመት ሲገባ ሕዝቡን በየተራ ያስረግጡት ጀመር። ሽማግሌ ይረግጣል፣ እናት ሕፃኗን ይዛ እግሩን ታስነካለች። የረገጠ ስሙ ይጻፍለታል። ያልረገጠ ይያዛል። ሥዕሎቹ ከእግር ብዛት ፊታቸው ጠፍቶ ለስልሷል፤ ዛሬ በሙዚየም አሉ። ከዚህ ሌላ ሰው ሁሉ «ይህ ክርስቲያን አይደለም» የሚል ምስክር ከቡድሃ ቤተ መቅደስ ማውጣት ነበረበት። ያለ ምስክር ማግባትም፣ አገር መቀየርም ችግር ነው።

አብዛኛው ሰው ረገጠ። ከረገጡት ውስጥ ቤታቸው ገብተው እግራቸውን የሚታጠቡ ነበሩ። ሥዕሉን የረገጡበትን የገለባ ጫማ አቃጥለው፣ አመዱን በውኃ በጥብጠው እያለቀሱ ይጠጡ ነበር ይባላል። ልጆቻቸውንም በሥውር ጸሎት አስተማሩ። ሁለት መቶ ዓመት አልፎ አንድ የውጭ አገር ቄስ ናጋሳኪ ቤተ ክርስቲያን ቢሠራ፣ ገበሬዎች መጥተው «ልባችን እንዳንተ ልብ ነው» አሉት።

እዚያ አገር የተረገጠው መስቀሉ ነው። በእኛ አገር በግድ የታሰረው መስቀሉ ነው። የሰውዬው ጭንቀት ግን አንድ ነው።

አያቴ ቸኮል እሑድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ቤቱ ቀጥ ብሎ አይገባም ነበር። ወደ ወንዝ ወርዶ ልብሱን ያጥባል፣ ገላውን ይታጠባል፣ ደረቅ ልብስ ለብሶ ደጃፉን ይሻገራል። እስኪሞት ድረስ እንዲሁ ነበር፤ በበረዶም በዝናብም። እኔ ልጅ ሆኜ የንጽሕና ጭንቀት ይመስለኝ ነበር። አንቱ ምን እንደነበር ያውቃሉ። አባትዎ ሲሞቱ ያሳደገዎት እሱ ነው፤ እህሉን በልተዋል።

ባለርስቱ ከጀርባው ቆሞ ያስረገጠውን ሰው፣ አንቱ አሽዶድ ተቀምጠው ዳግመኛ ይፈርዱበታል።

የሺመቤት


አሽዶድ
ግንቦት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየሺመቤት፤

ሰላምታውን ትቼዋለሁ። ሦስት ወር ዝም ያልሁት ንዴቴ እስኪበርድ ነበር፤ አልበረደም።

የበላሁትን እህል ለመቁጠር አንቺ ማነሽ? የታጠበ ሁሉ ከነጻ እኛ ምን ያህል ሞኞች ነበርን! እሑድ ተሳልሞ እሑድ የሚታጠብ ሰው ሁለቱንም አታሏል። የረገጠ ረግጧል። አልረግጥም ብለው የሞቱትን ደግሞ በአንድ መስመር «ይያዛል» ብለሽ አለፍሻቸው። አስተማሪ ነሽ፤ የእነሱንስ ታሪክ ማን ይጻፍላቸው?

እውነቱን ከፈለግሽ ይንገሩኝ ሳትዪ ልንገርሽ። ኦዴያ ልታገባ ነው። የማታን ዘመዶች የዘር ነገር የሚያጣሩ ናቸው፤ ለጋብቻውም ወረቀት ይጠየቃል። የቸኮልን ስም በአንድ ወረቀት ላይ ካስጻፍሁ በሌላው ወረቀት ላይ ይነበባል። የልጄን ልጅ ለእናትሽ አልለውጥም። አንቺም ብትሆኚ አትለውጪም።

ኦዴያ ባለፈው ሳምንት በአዳራሹ ጽሑፏን አነበበች። እኔ ከፊት ነበርሁ። መጨረሻ ላይ ስለ ረገጡት ሰዎች ልጆች የሆነ ነገር ተናገረች፤ ዕብራይስጥ የሚያውቁት በሙሉ ዝም አሉ። ምን እንዳለች እሷን መጠየቅ አልፈለግሁም። የሰዎቹ ልጆች ምን ሆኑ? ይህን ጻፊልኝና ከዚያ ወዲያ አትጻፊልኝ።

ውበቱ


ጎንደር
ሰኔ 28 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ውበቱ፤

ልጆቹ ተመዘገቡ። የሆነው ይህ ነው። አባት ሥዕሉን ረግጦ ሃይማኖቱን ቢተው እንኳ ሾጉኖቹ አላመኑትም። ልጁን፣ የልጅ ልጁን፣ የልጅ ልጁን ልጅ በልዩ መዝገብ ጻፉ። ሲወለድ፣ ሲያገባ፣ ቤት ሲቀይር ለሹም ይነገራል። ሲሞት ሹም መጥቶ እስኪያየው ድረስ ሬሳው በጨው ይቀመጥ ነበር። በአባቱ ዘመን የተረገጠ ሥዕል ልጁን እስከ መቃብር ይከተለዋል። ኦዴያ የተናገረችው ይህን ሳይሆን አይቀርም፤ ዝም ያሉትም የገባቸው ናቸው።

አሁን የኔን ያንብቡ። የእናቴ ማመልከቻ ውድቅ ሆኖ ተመልሷል። ምክንያቱ በዕብራይስጥ ተጽፏል። እዚህ ቋንቋውን የሚያስተምር ሰው አነበበልኝ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ፣ በእስራኤል ኤምባሲ ግቢ፣ ውበቱ የሚባል ሰው ተጠይቆ «ቸኮል የሚባል አጎት የለኝም፤ አትክልት የምትባል ሴት አላውቅም» ብሎ ቃሉን ሰጥቷል ይላል አለኝ። እኔ አላመንሁም። አይመሰክሩም እንጂ ይክዳሉ የሚል ሐሳብ አልመጣልኝም ነበር። ምናልባት ሰውዬው አሳስቶ አንብቦት ይሆናል።

ወረቀቱን ከዚህ ጋር ልኬያለሁ። ኦዴያ ታንብብልዎት። ስለ ነሐሱ ሥዕል ከእኔ ይልቅ እሷ ታውቃለች።

እንዳሉኝም ከዚህ ወዲያ አልጽፍም።

የሺመቤት ስጦታው


አሽዶድ
ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለየሺመቤት፤

ያሰብሽው ደርሷል። በእኛ ቤት የዕብራይስጥ ወረቀት ሲመጣ፣ የውኃ ቢሆን የመብራት ቢሆን የፔንስያ፣ የጡረታ ማለት ነው፣ ቢሆን፣ ማንም ሳይነካው ኦዴያ ጮክ ብላ ታነበዋለች። ፖስታውን ያመጣችው ሴት በር ላይ ለኦዴያ ሰጠቻት። ኦዴያ ከፈተችና የአማርኛውን ለእኔ አቀበለችኝ፤ እኔ መነጽሬን ስፈልግ እሷ የዕብራይስጡን ማንበብ ጀመረች። ሲምሃም ተቀምጣ ነበር። ስሜ ላይ ስትደርስ ድምፅዋ ዝቅ አለ፤ ግን እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ አጠፈችውና «ሳባ፣ ሥዕሉን ረግጠሃል» አለችኝ። ሳባ፣ አያቴ ማለት ነው፤ የቀረውን በአማርኛ ነው ያለችኝ። ያን ያህል አማርኛ እንዳላት አላውቅም ነበር።

ከሌላ ከምትሰሚ ከእኔ ስሚ። ቸኮል በ1944 ብቻውን አልተጠመቀም። በግራ እጁ እናትሽን፣ በቀኝ እጁ እኔን ይዞ ነው የሄደው። አምስት ዓመቴ ነበር። ማተቡ አዲስ ስለነበር አንገቴን በላኝ። እሑድ እሑድ ሲታጠብ እናትሽ ደረቅ ጋቢውን ትይዛለች፣ እኔ ቋጥኝ ላይ ቆሜ ሰው እንዳይመጣ አያለሁ። በአሥራ ሰባት ዓመቴ ጥዬው ወደ እናቴ ወገኖች ሄድሁ። የቤተ እስራኤል ቄሶች ራሴን አስላጩኝ፤ ሰባት ቀን ለብቻዬ ሽምብራ እየበላሁ ተቀመጥሁ፤ ወንዝ ገብቼ ነጻሁ። ከዚያ ወዲያ የጠየቀኝ የለም። ቸኮል ሲሞት እንኳ ለቀብሩ አልሄድሁም።

በ1983 ጸሐፊው በእጁ የስም ዝርዝር ነበረው። አራት ልጆቼ ከኋላዬ ቆመዋል። «የተጠመቀ ዘመድ አለህ?» አለኝ። «የለኝም» አልሁ። «አትክልት ቸኮል ምንህ ናት?» አለኝ። «አላውቃትም» አልሁ። ሌላ ነገር አልነበረውም፤ ይኸው ነው። ወዲያው ማኅተሙን መታልኝ።

ባለፈው ሰኞ ኦዴያ በመኪናዋ ወደ ሚስራዱ ወሰደችኝ። ቸኮል አጎቴ ነው፣ አትክልት ልጁ ናት፣ በ1983 የዋሸሁት እኔ ነኝ ብዬ ቃሌን ሰጠሁ። ጸሐፊዋ ስለ ምን እንደዋሸሁ ጠየቀች። ኦዴያ ያን ጥያቄ አልተረጎመችልኝም፤ ግን ገብቶኝ ነበር። ፈረምሁ። ያሁኑን ቃል ይቀበሉ ወይስ የድሮውን፣ ገና አልታወቀም።

ኦዴያ ለማታን ራሷ ነገረችው። ቤተሰቦቹ «እናስብበታለን» ብለዋል። አዳራሹን ተከራይተን ነበር፤ አሁን ምን እንደሚሆን አላውቅም። እንግዲህ ደስ ይበልሽ።

ይህን ያደረግሁት ለአንቺ ብዬ አይደለም። አንቺ ክፉ ሰው ነሽ፤ ወረቀቱን በማን እጅ እንደምትልኪው አውቀሽ ነው የላክሽው። ለእናትሽ ግን አንብቢላት። ዓይኗን ማየት አልችልም ነበርና በሩቅ ይሁን።

ውበቱ


ጎንደር
ነሐሴ 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለአቶ ውበቱ፤

አዎ፣ አውቄ ነው የላክሁት። ኦዴያ ስታነበው ምን እንደሚመስሉ ብዙ ቀን አስቤዋለሁ። አሁን ስለ ሠርጉ ስሰማ እንዳሰብሁት ደስ አላለኝም፤ ከዚህ በላይ ከእኔ አይጠብቁ።

ደብዳቤዎን ለእናቴ አነበብሁላት፤ አንድም ቃል አላስቀረሁም። አልጋዋ ላይ ተደግፋ ሰማችኝና ስጨርስ «አውቃለሁ» አለች።

በ1983 እኔ አሥራ ስድስት ዓመቴ ነበር። እናቴ ለብቻዋ አዲስ አበባ ሄደች፤ ከተሳካላት እኛን ልታስጠራ ነበር። ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሰችና «አመመኝ፤ አውሮፕላኑ አመለጠኝ» አለችን። ሠላሳ አራት ዓመት ይህን ስትል ሰማን። በልቤ ሕመሟን ስረግም ነው የኖርሁት።

አልታመመችም ነበር። ያን ቀን ሰልፍ ላይ ከአንቱና ከልጆችዎ ኋላ ቆማ ነበር። አላዩአትም፤ እሷም ተራዋ እስኪደርስ ልትጠራዎት አልፈለገችም። ጸሐፊው ስሟን ሲጠራ ሰማች። «አላውቃትም» ሲሉም ሰማች። ቀጥሎ የምትጠየቀው እሷ ነበረች። «ቀርቤ የቸኮል ልጅ ነኝ ብል፣ ውበቱ የኔ ነው ብል፣ አምስቱንም መልሰው ያወጧቸው ነበር» አለችኝ። ነጠላዋን ተከናንባ ከሰልፉ ወጣች። ከግቢው ውጭ ቆማ አውቶቡሶቹ ሲሄዱ አየች፤ ልጆችዎንም ቆጠረቻቸው፣ አራቱም ነበሩ።

«ለምን አልነገርሽኝም?» ብዬ ጮህሁባት። በሕይወቴ እናቴ ላይ ጮኼ አላውቅም። «ልጆቹ እስኪዳሩ ብዬ ነው፤ ከዚያ ደግሞ የልጅ ልጆቹ መጡ» አለች።

እኔ ይቅር አልልዎትም። ይህ የራሴ ነው፣ ከእሷ አልወረስሁትም። ጻፊ ያለችኝን ግን መጻፍ አለብኝ፣ በራሷ ቃል እንዲህ ብላለች።

«ጥሪው ከመጣ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ መጥቶ አይቁም፤ ጉልበቱን ያመዋል፤ ቤቱ ሆኖ ይጠብቀኝ። ጋቢውን የምይዘው እኔ እንደ ነበርሁ መናገሩን ወድጄለታለሁ፤ እኔ የረሳው መስሎኝ ነበር። ልጅቱን ስለኔ ሳትዳር የሚያስቀሯት ከሆነ ግን ሄዶ፣ ተሳስቻለሁ፣ አላውቃትም ይበል። አልቀየመውም። እኔ ከሰልፍ መውጣት አውቅበታለሁ።»

ጻፊ ስላለችኝ ጻፍሁ። እንዳያደርጉት።

የሺመቤት